ፍሳሹ የሁላችን፣ ሒሳቡ የአንዱ

ስለ ንጹሕ ውሃ ለመናገር ማንም አያፍርም። ምንጭ ሲጎለብት ሪባን ይቆረጣል፤ ቧንቧ መንደር ሲገባ እልልታ ይቀልጣል። ያው ውሃ በማጀታችንና በመታጠቢያ ቤታችን አልፎ፣ መልኩንና ሽታውን ለውጦ በሌላ በር ሲወጣ ግን ሁላችንም ፊታችንን እናዞራለን። ጨዋ ሰው በማዕድ ላይ አያነሣውም፤ ባለሥልጣን በበዓል ንግግሩ አይጠቅሰውም። ይህ ዝምታችን ደግሞ በከንቱ አልቀረም። ሕዝብ በአደባባይ የማይነጋገርበት ጉዳይ በጓዳ ይወሰናልና፣ አንድ ቤት ከሕዝብ የፍሳሽ መስመር ጋር ሲገናኝ ስንት ይከፈል፣ ማንስ ይክፈል የሚለው ጥያቄ በመሐንዲሶችና በሒሳብ ሹሞች መካከል ብቻ ሲንከባለል ኖሯል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከጓዳ ወደ ሳሎን ለማውጣት የታሰበ ነው። አንባቢ አፍንጫውን ቢይዝ አልቀየምም፤ ጆሮውን ግን እንዳይዝብኝ እለምናለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የፍሳሽ መስመር ቅጥያ ወጪ መስመሩ በደጃፉ ባለፈ ነዋሪ ላይ ብቻ፣ በሙሉ ልኩ፣ ያውም በአንድ ጊዜ ቆጥረህ አምጣ ተብሎ መጣሉ ፍርደ ገምድልነት ነው። ፍርደ ገምድልነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ የለመድነው ነገር ስለ ሆነ ዝም እል ነበር። ነገር ግን ሞኝነትም ጭምር ነው፤ የሚጎዳው ከፋዩን ብቻ ሳይሆን አስከፋዩንም ነውና።

የዚህ አሠራር ጠበቆች አንድ መርህ አላቸው፦ «ተጠቃሚው ይክፈል»። ለጆሮ ደስ የሚል መርህ ነው። መብራት ያስገባ ሰው ለመብራቱ ይክፈል፤ ስልክ ያስገባም ለስልኩ። እስማማለሁ። የመብራቱ ብርሃን የሚያበራው ለባለቤቱ ቤት ነው፤ ጎረቤት ቢጠቀም በመስኮት ያመለጠችውን ጨረር ነው። ወደ ፍሳሽ ስንመጣ ግን «ተጠቃሚ» የምትለዋ ቃል ትሰነካከላለች። ቆሻሻ ውሃውን ወደ ሕዝብ ቱቦ ያስገባው አባወራ ለራሱ ያገኘው አዲስ ነገር ምንድን ነው? ትናንት ጉድጓድ ነበረው፤ ዛሬ ቱቦ አለው። ትናንትም መጸዳጃ ቤት ይገባ ነበር፤ ዛሬም ይገባል። ሽታው ቀንሶለት፣ ጉድጓድ የማስመጠጥ ጣጣው ቀርቶለት ይሆናል፤ ይህን አልክድም። ትልቁን ጥቅም የሚያገኘው ግን እርሱ አይደለም፤ ከእርሱ በታች የሚኖረው ነው።

«ከእርሱ በታች» ያልኩት ለአነጋገር ያህል አይደለም። አዲስ አበባ ተዳፋት ከተማ ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ተነሥታ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ወደሚወርደው ወደ አቃቂ ሜዳ ትንሸራተታለች። ቀበናም፣ ግንፍሌም፣ ቀጨኔም ይህንኑ ቁልቁለት ይዘው ይወርዳሉ፤ በትልቁና በትንሹ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል የውሃ ማጠራቀሚያ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። አዋሽ በበኩሉ ቆቃን አቋርጦ አዳማን ያጠጣል፤ የመተሐራን ሸንኮራ ያለማል፤ በአፋር በረሃ የአርብቶ አደሩን ግመልና ፍየል አርክቶ፣ ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ጠረፍ በአቤ ሐይቅ ይሰወራል። በሽሮ ሜዳ አንድ ግቢ ውስጥ ሞልቶ የፈሰሰ ጉድጓድ እንግዲህ የዚያ ግቢ የግል ጉዳይ ነው የሚል ካለ፣ ካርታ ይዘርጋና ጣቱን ከላይ ወደ ታች ያስኪድ።

ጣቱን ለማስኬድ የሚሰንፍም ካለ ገበታውን ይመልከት። በቄራ፣ በላፍቶና በአቃቂ በእነዚሁ ወንዞች ውሃ ለብዙ አሥርት ዓመታት አትክልት ሲለማ ኖሯል። ቆስጣው፣ ሰላጣው፣ ጎመኑ በየጉልቱ ተሽጦ በባለ ቪላውም በባለ ቆርቆሮውም ቤት ተበልቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ከተማዋን ሲያስጨንቅ፣ «አተት» የምትለዋ ቃል ከሕፃን እስከ ሽማግሌ አፍ ላይ ስትገባ፣ በሽታው የማንን ቤት የፍሳሽ ቅጥያ ተከፍሎበታል፣ የማንን አልተከፈለበትም ብሎ አልጠየቀም። እንግዲህ «ተጠቃሚው ይክፈል» ከተባለ ተጠቃሚው ማን እንደ ሆነ እንተማመን። ተጠቃሚው ሰላጣ የሚበላ ሁሉ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ግቢ በሐሳባችን እንሥራ። ግቢው ፈርሰው ካላለቁት አሮጌ ሰፈሮች በአንዱ ይገኛል። በአንዲት የቆርቆሮ በር ስድስት አባወራዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሦስቱ የቀበሌ ቤት ተከራዮች፣ ሁለቱ የግል ባለይዞታዎች፣ ስድስተኛዋ በአንደኛው ባለይዞታ ጓሮ በተሠራች ሰርቪስ ቤት ውስጥ ልጆቿን የምታሳድግ እንጀራ ጋጋሪ ናት። መጸዳጃው የጋራ ነው። ጉድጓዱ በየክረምቱ ይሞላል። መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ የፍሳሽ ማንሻው መኪና እስከ በሩ አይደርስም፤ ጎማው እንዲቀጠል ይለመናል፤ ካልተቻለም ይመለሳል።

አሁን በዚህ ግቢ ፊት ለፊት የፍሳሽ መስመር ተዘረጋ እንበል። ቁፋሮው አልቆ፣ ኮብልስቶኑ ተመልሶ ተነጥፎ፣ የማንሆሉ ክዳን ከበሩ በሃያ አምስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጧል። ሰፈሩ «ዳነ» ተብሎ በሪፖርት ተጽፏል። ከመጸዳጃው እስከ ማንሆሉ ያለው ሃያ አምስት ሜትር ግን የነዋሪው ነው። ቱቦ ይገዛል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ በሚገባ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ነገር ሁሉ ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ አልነግረውም። ቆፋሪ ይቀጠራል። መቆጣጠሪያ ሳጥን ይገነባል። የተነጠፈው ድንጋይ ተነሥቶ እንደ ገና ይነጠፋል። የጉድጓድ መጸዳጃ ከቱቦ ጋር እንዲሁ አይጋጠምምና በውሃ የሚለቀቅ አዲስ መቀመጫ፣ ለእርሱም ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃው ደግሞ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ በርሜል ወይም ሮቶ። በዚህ ሁሉ ላይ የግምት፣ የምዝገባና የአገልግሎት ክፍያ ይታከልበታል።

ማን ይክፈል? የቀበሌ ቤት ተከራዮቹ፣ «ቤቱ የእኛ አይደለም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/67 ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ አከራያቸው መንግሥት ነው። በየትኛው ዓለም ነው ተከራይ ለአከራዩ ቤት የፍሳሽ ቱቦ የሚቀብረው? ከዚያም በላይ ሰፈሩ ነገ ለልማት ይነሣ እንደ ሆነ በምድር ውስጥ የቀበሩትን ገንዘብ ማን ይመልስላቸዋል? ባለይዞታው፣ «ስድስት ቤት ለሚጠቀምበት እኔ ብቻዬን ለምን?» ይላል፤ እርሱም እውነት አለው። ሰርቪስ ቤት ያለችው ሴት ምንም አትልም፤ ያለች እንደ ሆነ የቤት ኪራይ እንደሚጨመርባት ታውቀዋለች። ስድስቱ ተሰብስበው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሦስት ጊዜ ተመክሮበት የሚስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳለ ይቆይ።

ታዲያ ሐምሌ ይገባል። ሰማዩ ተቀዶ ዶፍ በሚወርድበት ሌሊት አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይወጣና የጉድጓዱን አፍ ወደ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ያስተነፍሰዋል። ማንም አያየውም፤ ሁሉም ያውቃል። በማግስቱ ቦዩ ታጥቦ ይገኛል። ሃያ አምስት ሜትር ርቀት ላይ ያለው ማንሆል ግን ክዳኑን እንደ ደፋ ደርቆ ይውላል። አባቶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ይህን ዘመን ቢያዩ ላሟን ከሰማይ አውርደው ከመንገድ ሥር ይቀብሯት ነበር።

አሁን ወደ አስከፋዩ ልምጣ፤ ሞኝነት ያልኩትን ማስረዳት አለብኝና። የፍሳሽ ቱቦ እንደ መጋዘን ባዶውን ተዘግቶ የሚቆይ ዕቃ አይደለም። በውስጡ የሚያልፈው ውሃ በሴኮንድ 0.6 ሜትር ያህል ፍጥነት ከሌለው ጠጣሩ ነገር ከሥር ይዘቅጣል፤ ይደርቃል፤ ይዘጋል። ይህን ፍጥነት የሚሰጠው ከተዳፋቱ ሌላ የውሃው ብዛት ነው፤ የውሃውም ብዛት የሚመጣው ከተቀጠሉት ቤቶች ብዛት ነው። ለመቶ ቤት ታስቦ በተቀበረ ቱቦ ሃያ ቤት ብቻ ከተቀጠለ፣ መሥሪያ ቤቱ ከሰማንያው ገቢ ማጣቱ ሳያንሰው የሃያውንም መስመር በየጊዜው በሽቦና በግፊት ውሃ ሲጠርግ ይኖራል። የማጣሪያ ጣቢያም እንዲሁ ነው። በውስጡ የሚሠሩት ዓይነ ሥውር የሆኑ ረቂቅ ሕያዋን ናቸው፤ ቀለባቸው እየተቆራረጠ ወይም እያነሰ ሲመጣ ሥራቸው ይበላሻል።

ይህ ከመጽሐፍ የተቀዳ ሥጋት ብቻ አይደለም። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በደርግ ዘመን በኩሬዎች መልክ ሲሠራ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲያስተናግድ ታስቦ ነበር። ለሚልዮኖች ከተማ ይህ ጠብታ ነው። የሚያሳዝነው ግን ያችንም ጠብታ የሚሞላ ቤት ለብዙ ዓመታት በበቂ ቁጥር አለመቀጠሉ ነው፤ ኩሬው ፍሳሽ ሲጠብቅ ፍሳሹ ወደ ወንዝ ይሄድ ነበር። በኋላ በዓለም ባንክ ብድር ጣቢያው እንደ ገና ተሠርቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመረቀ። ታላቅ ሥራ ነው፤ የሠሩትን አመሰግናለሁ። ብድሩ ግን የሚመለሰው ጣቢያው በሙሉ ዐቅሙ ቢሠራም ባይሠራም ነው። ያን ያህል ወጪ በቃሊቲ ካፈሰሱ በኋላ፣ ከአንድ ድሃ ግቢ ለሃያ አምስት ሜትር ቱቦ ሙሉ ዋጋ ካልተቀበልኩ ማለት፣ በሬ አርዶ ቢላዋ እንደ መቆጠብ ይመስለኛል።

«ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚለውን ጥያቄ የሸሸሁ እንዳይመስል ልግባበት። ከሰማይ አይመጣም። ከሁላችን ይመጣል። በርካታ ከተሞች ይህን መንገድ ከእኛ በፊት ሄደውበታል፤ ሁሉም ደግሞ ሀብታም አልነበሩም።

ሩቁን በአጭሩ ልለፈው። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1858 የበጋ ሙቀት ከቴምዝ ወንዝ ሽታ የተነሣ ምክር ቤቷ መሰብሰብ እስኪያቅተው ድረስ ተጨነቀች። ኮሌራውም ከዚያ በፊት ብዙ ሺህ ሰው ቀጥፎ ነበር። ጆሴፍ ባዘልጄት የተባለው መሐንዲስ ታላላቆቹን የምድር ውስጥ ቦዮች ሲሠራ ገንዘቡ የተገኘው በብድር ሲሆን፣ ብድሩም የተከፈለው በከተማዋ ንብረት ሁሉ ላይ በተጣለ ግብር ነው። ቦዩ በደጄ አላለፈምና አልከፍልም ያለ ባላባት ሰሚ አላገኘም፤ የሚሸተው ለሁሉም ነበርና።

ከለንደን ይልቅ ለእኛ የምትቀርበው የቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ናት፤ በርቀት ሳይሆን በኑሮ ማለቴ ነው። የዚያች አገር የውሃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በውሃ ሒሳብ ላይ አነስተኛ የንጽህና አጠባበቅ ክፍያ አክሎ ከደንበኞቹ ሁሉ ይሰበስባል። የፍሳሽ መስመር ያለውም የሌለውም ይከፍላል። ከተሰበሰበውም ገንዘብ ቱቦ ላልደረሰላቸው ቤተሰቦች የተሻሻለ መጸዳጃ ሲሠሩ ድጎማ ይሰጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ከፋዩ «እኔ ቱቦ የለኝም» ቢል መልስ አለው፤ «ባይኖርህም ለጉድጓድህ ድርሻ አለህ» ይባላል። ሒሳቡ የተቃና የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው።

ጎረቤቶቻችንም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በካምፓላ የኡጋንዳ ብሔራዊ የውሃና ፍሳሽ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2004 የቧንቧ ውሃ ቅጥያ ክፍያ ድሃውን እንዳስቀረው ተረድቶ፣ ከዋናው መስመር በ50 ሜትር ርቀት ውስጥ ላለ ቤት የቅጥያውን ወጪ ራሱ ሸፍኖ ገንዘቡን ከታሪፉ እንዲያገኝ ወሰነ። ይህ ለመጠጥ ውሃ የተደረገ ነው፤ መጠጥ ውሃ ደግሞ ከፍሳሽ ይልቅ ለግል ጥቅም የቀረበ ነገር ነው። ለሚጠጣው ውሃ ይህ ከተደረገ፣ ለሌላው ሰው ጤና ሲባል ለሚቀበረው ቱቦ እንዴት አይደረግም? በናይሮቢ ደግሞ የፍሳሽ ክፍያ የውሃ ሒሳቡ 75 በመቶ እየሆነ በየወሩ ሲታሰብ ኖሯል። ይህም ፍጹም አይደለም፤ የሚከፍለው የተቀጠለው ብቻ ነውና። ሆኖም በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ በአንድ ቀን ከሚጠየቅ ክምር ይሻላል። እዚያው ናይሮቢ በሙኩሩ የድሆች መንደሮች፣ በጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ፣ ቀጠን ያለ የፍሳሽ መስመር ተዘርግቷል፤ መሐንዲስ ከመመሪያው መጽሐፍ ቀና ሲል መፍትሔ እንደማይጠፋ ያሳያል።

የተቃራኒው ወገን ጥሩ መልስ እንዳለው አውቃለሁ፤ በፓኪስታን ካራቺ ያለችውን ኦራንጊን ይጠራል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በአክተር ሃሚድ ካን መሪነት በተጀመረው ሥራ ድሆቹ ራሳቸው እያዋጡ የየመተላለፊያቸውን የፍሳሽ ቱቦ ቀበሩ። «ድሃ መክፈል ይችላል ማለት ነው» ይባላል። አዎን፣ ይችላል። ግን የቻለው ለምን እንደ ሆነ ታሪኩ እስከ መጨረሻው ይነገር። ሥራ ተቋራጭ ስለ ቀረ፣ ንድፉ ስለ ቀለለ፣ ጉልበቱ የራሳቸው ስለ ሆነ ወጪው መንግሥት ከሚገምተው እጅግ ወርዶ ነበር። ዋናውን መጋቢ መስመርና ማጣሪያውን ደግሞ የመንግሥት ዕዳ ነው ብለው ለመንግሥት ተዉለት። ከኦራንጊ ክፍያውን ብቻ መርጦ አንሥቶ፣ የቀለለውን ንድፍና የጎረቤቱን ጉልበት ጥሎ መምጣት የገበያ ውሎ እንጂ ትምህርት አይደለም። የእኛ አገር እድር ሬሳ ለመቅበር ገንዘብና ጉልበት ማደራጀት ካወቀበት ቱቦ ለመቅበር አያንስም። ይሞከር፤ ግን በሙሉ ዋጋ ሳይሆን በኦራንጊ ዋጋ።

ስለ ፍትሕ ከተነሣ አንድ ሌላ ነገር ልናገር፤ ብዙ ጊዜ ስለማይነገር እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የደረሰው ሰው ወደ አራተኛ ፎቁ ሲወጣ የፍሳሽ መስመሩ ከሕንፃው ጋር ተሠርቶ ይጠብቀዋል። «ለፍሳሽ ቅጥያ» ብሎ በቁም ገንዘብ የቆጠረ የኮንዶሚኒየም ዕድለኛ አላጋጠመኝም። ከቤቱ ዋጋ የገባ ድርሻ ቢኖር እንኳ፣ እስከ 20 ዓመት በሚዘልቅ የባንክ ብድር ውስጥ ሟሙቶ ይከፈላል። በዚህ አልቀናም፤ ደግ ተደርጓል። ነገር ግን ያው ከተማ ለአንዱ ነዋሪው በሃያ ዓመት የሚከፈል ሒሳብ ሲያውቅ፣ በአሮጌው ሰፈር ላለው ሌላው ነዋሪው በአንድ ሳምንት የሚከፈል ካርኒ ብቻ የሚያውቅበት ምክንያት ምንድን ነው? ብድር የሚገባው ፎቅ ላይ ለሚኖር ነው የሚል ሕግ አላነበብኩም። ያነበብኩት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44፣ «ሁሉም ሰዎች» ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ነው። አንቀጹ የወለል ቁጥር አይጠቅስም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። የወንዞች ዳርቻ እየለማ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ወንዞቹን ከብክለት ለመከላከል የወጣው የከተማው ደንብ ፍሳሹን ወደ ወንዝ የሚለቅን በገንዘብ ይቀጣል። ፋብሪካን፣ ሆቴልን፣ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃን በተመለከተ ከዚህም የጠነከረ ቅጣት ቢመጣ አጨበጭባለሁ። እነዚህ የሚከፍሉት አላቸው፤ ያልከፈሉትም ማትረፍ ስለ ፈለጉ ነው። ያን የስድስት አባወራ ግቢ ግን በዚሁ ደንብ ፊት አቁሙት። ወደ ቱቦ ቢሄድ ዋጋው አልተቻለም፤ ወደ ቦይ ቢለቅ ይቀጣል፤ በጉድጓዱ ቢያቆየው ይሞላል፤ ሊያስመጥጥ ቢል መኪናው በሩ ላይ አይደርስም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። መውጫ በር ሳይከፈት የሚጣል ቅጣት ወንዙን አያጸዳም፤ ያ አካፋ የያዘ ሰው ይበልጥ የጨለመ ሌሊት እንዲመርጥ ብቻ ያስተምረዋል።

«በነጻ የተሰጠ ነገር አይከበርም» የሚሉኝም አሉ። እኔ በነጻ ይሁን አላልኩም። ጥያቄዬ ስለ ጊዜውና ስለ ትከሻው ነው። ባለቤቱ የድርሻውን በየወሩ በውሃ ሒሳቡ ላይ፣ በአምስት ወይም በአሥር ዓመት ይክፈል። ከማንሆሉ እስከ ግቢው በር ያለው የመንገድ ሥር ቱቦ መንገዱ የሕዝብ ነውና የዋናው መስመር አካል ተቆጥሮ በሕዝብ ወጪ ይሠራ። የቀበሌ ቤት ድርሻ በአከራዩ፣ ማለትም ቤቱን በሚያስተዳድረው የመንግሥት አካል ይከፈል፤ ከተከራዩ አንዲት ሳንቲም አይጠየቅ። በውሃ ታሪፉ ላይ ሁሉም የሚጋራው አነስተኛ የንጽህና ክፍያ ይታከል፤ በጥቂት ባልዲ ለሚኖረው ኢምንት፣ ሣር ለሚያጠጣውና መኪና ለሚያጥበው ከበድ ያለ ይሁን። ከእርሱም ቱቦ ላልደረሰለት ሰፈር ጉድጓድ ማስመጠጫ ድርሻ ይውጣለት፤ አለዚያ የዳሩ ነዋሪ ለመሐሉ ነዋሪ ሲከፍል ይኖራልና የነቀፍኩትን በደል ገልብጬ መልሼ መሥራቴ ነው። በአሮጌ ቱቦ ላይ ባለ ሃያ ፎቅ ሕንፃ የሚጭን ባለሀብት ደግሞ ለአንድ «ቅጥያ» ሳይሆን ለሃያ ፎቅ ጭነት ይክፈል። የሊዝ ገንዘብ ሲሰበሰብ መሬቱን ያስወደደው ከሥሩ የተቀበረው መስመር ጭምር መሆኑ ይታሰብ።

ይህ ሁሉ ሒሳብ ጉድለት እንደሚኖረው አልክድም። ገንዘቡ ለንጽህና ተብሎ ተሰብስቦ ለሌላ ጉዳይ ሊውል ይችላል፤ ይህ ከሥጋቶቼ ሁሉ ትልቁ ነው። ስለዚህ የተለየ ሒሳብ ይከፈትለት፤ በየዓመቱ ስንት ተሰበሰበ፣ በየትኛው ወረዳ ስንት ቤት ተቀጠለበት የሚለው በጋዜጣ ይውጣ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና፣ ክፍያውን የሚተምነውና የሚሰበስበው አንድ እጅ ባይሆን እመርጣለሁ። ኬንያ የውሃና የፍሳሽ ታሪፍን የሚመረምር ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ቦርድ አላት፤ የአስከፋዩ ረቂቅ በዚያ ሳያልፍና ሕዝብ ሳይጠየቅበት ዋጋ አይሆንም። እኛ ዘንድ ግን ነዋሪው አዲሱን ታሪፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ሒሳቡ ሲመጣለት ነው።

የሚቀጥለው የታሪፍ ረቂቅ በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ዙሪያ ይህ መጽሔት ከገባ፣ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ እጁን አውጥቶ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅልኝ። ባለፉት ዓመታት መስመር በደጃቸው ካለፈው ቤቶች ስንቶቹ ተቀጠሉ? ያልተቀጠሉት ቤቶች ፍሳሽ ዛሬ የት ይገባል? ያንን ፍሳሽ ከወንዝ መልሶ ለማውጣትና የታመመውን ለማሳከም የሚወጣው ገንዘብስ ከሃያ አምስት ሜትር ቱቦ ዋጋ ያንሳል ወይ? መልሱ ከተገኘ በኋላ ስንት ይከፈል የሚለውን ሠንጠረዥ ይሙሉት፤ እስከዚያ ግን ሠንጠረዡ ባዶ ይቆይ።